ራስጌው ከኋላ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና አያረጅም። ባለቤቱ ያረጃል፣ መካኒኩ ያረጃል፣ መንገዱ ራሱ ተነጥፎ፣ ተቆፍሮ፣ እንደገና ይነጠፋል፤ ቶዮታ ዲኤክስ ግን እንዳለች አለች። ጃፓኖቹ ያንን የኮሮላ ትውልድ በፈረንጆቹ 1979 አውጥተው ጥቂት ዓመት ከሸጡት በኋላ ወደ ሌላው አልፈዋል። እኛ አላለፍንም። ምን ያስቸኩለናል? ሞተሯ 1.3 ሊትር ነው፤ የሚነዳት የኋላ ጎማ ነው፤ ዕቃዋ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። የጠፋ እንደሆነም የሌላ መኪና ዕቃ ተሞርዶ ይገጠምላታል። መካኒክ ያልሆነ ሰው እንኳ ኮፈኗን ከፍቶ፣ ሁለት ሦስት ነገር ነካክቶ፣ በኩራት የሚዘጋት መኪና ናት።

የዋጋዋን ነገር አታንሱት። ሌላ አገር መኪና ከሻጩ በር በወጣች ደቂቃ ዋጋዋ ይወርዳል አሉ። እዚህ አባት በደህና ጊዜ የገዛትን ዲኤክስ ልጅ ሊሸጣት ሲያስብ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ይመክራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባቱን አከበደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል አይግባ ተባለ። እንግዲህ አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ያለችውን ማስጌጥ ነው የሚቀረው። የሰፈር ልጆች ሥራውን ሞዲፊክ ይሉታል። ቸርኬ ይለወጣል፤ ወንበሩ ቆዳ ይለብሳል፤ ማርሚታዋ ተከፍቶ ድምፅዋ ሦስት ሰፈር ያዳርሳል። ገንዘቡ አልቆ አምሮቱ ያላለቀ ሰው በመጨረሻ ስፖይለር ላይ ይደርሳል።

አከራዬ ዲኤክስ አላቸው። ልጃቸው ደግሞ አምሮት አለው። እኔ የግቢው ተከራይ ነኝና በሁለቱ መካከል ገብቼ ሐሳብ የመስጠት መብት የለኝም፤ የማየት መብት ግን ከኪራዩ ጋር ተካቷል።

ልጁ መጀመሪያ ስፖይለር ሊገዛ ነበር የወጣው። ዋጋ ጠይቆ ሲመለስ "ለአንድ ላስቲክ!" እያለ ግቢውን ሁለቴ ዞረው። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብቶ ሲያተራምስ ዋለና የወላጆቹን የድሮ አልጋ ራስጌ ተሸክሞ ብቅ አለ። ዋንዛ ነው፤ የድሮ አናጢ ሳይቸኩል የሠራው፣ አናቱ ላይ ለስለስ ያለ ጉብታ ያለው። አልጋው ከተለወጠ ቆይቷል፤ ራስጌው ግን እናትየው "ይቀመጥ" ስላሉ ተቀምጦ ነበር። ልጁ የኋላ ኮፈኑ ላይ አስደግፎት ራቅ ብሎ አየው፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው፤ ቁጢጥ ብሎ አየው። የራስጌው ጉብታ ከመኪናዋ ጀርባ ጋር ልክክ አለ። እውነት ለመናገር እኔም በመስኮት ሆኜ "ኸረ ያምራል" ብያለሁ።

"ያ የሠርጌ አልጋ አይደለም እንዴ?" አሉ እናትየው ከኩሽና ብቅ ብለው።

"እማዬ፣ ዝም ብሎ ምስጥ ከሚበላው…"

"ምስጥ ይብላው! ምስጥ እኮ በከተማው እያዞረ አያሳይብኝም።"

ማታ አባትየው መጡ። ራስጌው በዚያን ሰዓት በመጋዝ ተቆርጦ፣ ጠባብና ረጅም ሆኖ፣ ሁለት ዱካ ላይ ተጋድሟል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ስፖይለር ነው አባዬ።"

"ሥራው ምንድን ነው?"

"መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ ከኋላ እንዳትነሳ ንፋሱ ወደ መሬት ይጫናታል።"

አከራዬ ዲኤክሷን ዞር ብለው አዩአት። "ይቺ?" አሉ። "ይኸው ሠላሳ ዓመት ስነዳት፣ አንድ ቀን በአንድ ጊዜ ተነስታ ታውቃለች? በየጠዋቱ ገፍተን አይደል እንዴ የምናስነሳት!"

ልጁ ግን ያለው ሐሰት አይደለም። የመኪና አካል ከላይ ጎበጥ ያለ ስለሆነ አየሩ በጣሪያው ላይ ሲፈጥን ወደ ላይ መሳብ ይፈጠራል፤ ፍጥነት ሲበዛ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን የያዙበት ጉልበት ይላላል። የኋላ ኮፈኑ ጫፍ ላይ የምትለጠፈዋ አጭር ከንፈር ይህን የአየር ጉዞ ታውከዋለች። በእግር የቆመው ከፍ ያለው ደግሞ የተገለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ ነው፤ አውሮፕላኑን የሚያነሳው ጉልበት መኪናዋን ቁልቁል ይጫናታል። እስከዚህ ድረስ ሳይንስ ከልጁ ጋር ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ሒሳብ ይመጣል። ሒሳቡን ለመሥራት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ መብራት ጠፍቶበት የሚሠራው ያጣ ተከራይ ይበቃል። የአየር ጉልበት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ሲቀንስም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ስፋቱ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ እጅግም ያልተራቀቀ ክንፍ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያገኘው ጫና ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ግማሽ ኪሎ ስኳር ማለት ነው። ከተማችን ደግሞ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ቢያንስ በአንድ አምስተኛ የሳሳ ነው። ሞተሩም የሚተነፍሰው፣ ክንፉም የሚደገፈው በዚሁ በሳሳው ነው። 40 ራሱ ስንት ሰዓት ላይ ይገኛል? ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሥራ መውጫ ሰዓት የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ በዚያ ፍጥነት ክንፉ ላይ የሚያርፈው አቧራው ብቻ ነው።

ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ ወጥታ 120 ብትሄድስ? ጫናው ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ ወደ አምስት ኪሎ ይጠጋል። ዲኤክሷ 120 ከገባች ግን ተሳፋሪዎቹ የሚያስቡት ስለ ስፖይለሩ አይደለም።

የሚገርመው ክንፉ ራሱ የሚመዝነው ነው። በእንጨቱ ላይ ፋይበሩ፣ ስቱኮውና የብረት እግሮቹ ተደምረው ሰፈራችን ሥጋ ቤት ሚዛን ላይ ሲወጣ ስድስት ኪሎ ሆነ። ንፋስ በ120 የማይሰጣትን ጫና ቆማ አገኘችው ማለት ነው። ዲኤክስን የሚገፋት የኋላ ጎማ ስለሆነ በክረምት ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገት ስትወጣ ከኋላ የተጨመረ ክብደት አይጎዳትም። አንድ ኩንታል ጤፍ ከሁለቱም ይበልጥ ነበር፤ ግን ጤፍ ለእይታ አይሆንም። ቪትዝ ላይ ክንፍ የሚተክሉትን ነው እኔ የማይገባኝ። እሷን የሚጎትታት የፊት ጎማ ነው፤ ጭራዋን በተጫኗት ቁጥር የፊቱ ይቀላል። ለቪትዝ የሚሆን ስፖይለር ካለ መተከል ያለበት የፊት ኮፈኗ ላይ ነበር።

እንዲህ ብዬ ልጁ ላይ ብቻ ከሳቅሁ ደግሞ ፍርድ አጓደልሁ። ነገሩን የጀመሩትም ተስቆባቸዋል። ሚካኤል ማይ የተባለ ወጣት መሐንዲስ በፈረንጆቹ 1956 ፖርሽ ስፓይደሩ ላይ ትልቅ ክንፍ ተክሎ ጀርመን ኑርበርግሪንግ ውድድር ቦታ ሲደርስ አዘጋጆቹ አስወለቁት። አሥር ዓመት ዘግይተው አሜሪካኖቹ ቻፓራል በሚባለው የውድድር መኪናቸው ላይ ክንፍ አቆሙ፤ በ1968 ፎርሙላ ዋን ተከተለ። በ1969 ባርሴሎና ላይ የሎተስ ሁለት መኪኖች፣ የግራሃም ሂልና የዮኻን ሪንት፣ በረጃጅም ቀጫጭን እግሮች የቆሙ ክንፎቻቸው በየተራ ተሰብረው ከመንገድ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ከፍ ያሉ ክንፎች ታገዱ። በዚህ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ፦ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ እግሩ ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው እግሮቹን ከምናለሽ ተራ ባመጣው ወፍራም ብረት አስበየዳቸው። የክንፉ ስድስት ኪሎ ግማሹ ከእኔ ምክር የመጣ ነው።

የሚያምር ነገር ሁሉ መሥራት አለበት የሚሉ ደግሞ ላምቦርጊኒ ካውንታሽን ይዩ። ከኋላዋ የሚተከለው ትልቅ ክንፍ በተጨማሪ ክፍያ ነበር የሚገጠመው፤ አየር እየጎተተ ፍጥነቷን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምርላትም። ባለጸጎቹ ግን ከፍለው አስገጠሙት። እነሱ ፍጥነት ከፍለው የገዙትን እይታ የኛ ልጅ በራስጌ አገኘው። እንዲያውም በግሌ ከሱቅ ተገዝቶ ከሚለጠፈው ይልቅ እቤት የተሠራውን እመርጣለሁ። የሱቁ ስፖይለር የማንም ነው። ይህኛው ግን የት ላይ እንደ ተሳሳተ፣ የት ላይ እንደ ታረመ፣ ማን ሲያሸው ማን ሻይ ሲያመጣ እንደ ነበር ግቢው ሁሉ ያውቃል።

ሥራው በእርግጥ ሥራ ነበር። መጀመሪያ ካርቶን ተቆርጦ ኮፈኑ ላይ ተለካ። ከዚያ እንጨቱ ላይ የፋይበሩ ጨርቅ ተነጠፈና ፈሳሹ ተቀብቶ ደረቀ፤ ሽታው ሁለት ሌሊት እኔ ቤት አደረ። ፋይበሩ ላይ ስቱኮ፣ ስቱኮው ላይ ብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና ስቱኮ። ሦስት ጓደኞቹ በየተራ ውኃ እያርከፈከፉ ያሻሉ፤ አንዱ መዳፉን አስኪዶ "እዚህ ጋ ጎድጉዷል" ይላል፤ ሌላው "እሱ የእጅህ ጠባሳ ነው" ይላል።

የመኪናዋን መሐል ማግኘት ግን ሁሉንም አደከማቸው። ከግራ መብራት ተነስተው ሲለኩ ክንፉ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ከቀኝ ሲነሱ ወደ ግራ። ሜትሩን ቀየሩ፤ ለካ እኩል ያልሆነችው መኪናዋ ናት። በዘመኗ ስንቴ ተገጭታ ስንቴ እንደ ተቃናች የሚያውቀው ባትላሜራው ብቻ ነው፤ ግራና ቀኟ በሁለት ጣት ይበላለጣል። በመጨረሻ "በዓይን ይሁን" ተባለና ሁሉም ከግቢው በር ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ "ወደዚህ… በቃ፣ በቃ፣ አለፈ!" ሲሉ መሐሉ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

ከዚያ ድሪሉ መጣ። ኮፈን መብሳት መመለሻ የሌለው ነገር ነውና ጨዋታው ሁሉ ቆመ። ልጁ ድሪሉን ሲያሳርፍ መጀመሪያ የዛሬው ቀይ ቀለም ተፈለፈለ፤ ቀጥሎ ነጭ ስቱኮ ወጣ፤ ከሥሩ ነጣ ያለ ግራጫ፤ ከግራጫው ሥር ደግሞ ሰማያዊ። ሁላችንም የምናውቀው ሰማያዊ። የታክሲ ሰማያዊ።

አከራዬ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ይህችን መኪና ሲገዟት ደላላው "የዶክተር ሚስት ነች የያዘቻት፤ ከቤት ወጥታ አታውቅም" ብሎ ምሎላቸው ነበር። እሳቸውም ሠላሳ ዓመት ለጠየቃቸው ሁሉ ይህንኑ ሲናገሩ ኖረዋል።

"ዶክተሩ ይሆናል ትርፍ ሰዓት የሚሠራባት" አሉ በመጨረሻ። ቀና ብለውም "ድፈነው" አሉት ልጁን።

ልጁ ሥራውን አሳምሮ ሠራ ማለት አለብኝ። የቀዳዳዎቹን አፍ ዝገት እንዳይጀምረው ቀባው፤ ከውስጥ በኩል ቡሎኑ ላሜራውን እንዳይቀደው ሰፋፊ ሮንዴላና አንድ አንድ ቁራጭ ብረት አደረገ፤ ዙሪያውን በሲልከን ሞላው። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና በዓመቱ ስፖይለሩ ከኮፈኑ ቁራጭ ጋር ተያይዞ እጁ ላይ ይቀራል። ሲልከኑ ብቻ ከአራቱ ቀዳዳ አንዷን ረሳ። ሐምሌ ሲገባ ውኃው ያችን ቀዳዳ ፈልጎ አገኛት፤ ስኮርታ ጎማው ባሕር ውስጥ ከረመ፤ እናትየው ከመርካቶ ያስጫኑት ስኳር እቤት ሲደርስ የጎደለው የሻይ ቅጠል ብቻ ነበር።

ሌላም መዘዝ አለው። የኋላ ኮፈኑን ተከፍቶ እንዲቆም የሚይዘው ሞላ የተሠራው ለኮፈኑ ክብደት ነው፤ ስድስት ኪሎ ዋንዛና ብረት ይጨመራል ብሎ የጃፓን መሐንዲስ አላሰበም። እናም ኮፈኑ ዕቃ በሚያወርድ ሰው አናት ላይ ድንገት ይወርዳል። አሁን መኪናዋ ውስጥ ከክሪክና ከጎማ መፍቻው ጋር የተሰበረ የመጥረጊያ እጀታ ይቀመጣል፤ ክፈት፣ ደግፍ፣ አውርድ። በስፖኪዮ ወደ ኋላ ሲታይ ደግሞ ክንፉ መስታወቱን መሐል ለመሐል ያልፈዋል፤ ከላዩ ሰማይ፣ ከሥሩ አስፋልት ይታያል፤ በመካከሉ ያለው ግን፣ ብዙ ጊዜ የትራፊክ ፖሊስ ሞተር ነው፣ አይታይም።

ግቢው ግን ስፖይለሩን ወዶታል። ጠዋት የልጆች ጫማ ታጥቦ ይሰጣበታል። ቡና የሚወቀጥ ቀን ሙቀጫው እሱ ላይ ያርፋል። አጣቢዎቹ ልጆች "ስፖይለር ያለው ሒሳቡ ይለያል" ብለው ጨምረዋል፤ አከራዬም ሲከፍሉ ያጉረመርማሉ እንጂ ደስ እያላቸው ነው። ቦሎ ሲደርስ መርማሪ ፊት ጥያቄ እንዳያስነሳ ይፈታና ኮፈኑ ውስጥ ይገባል፤ ከምርመራው ማግስት ይታሰራል። ልጁ በዚህ አያፍርም፣ ማፈርም የለበትም። ቢኤምደብሊው በፈረንጆቹ 1973 ሲኤስኤል የተባለ ባለክንፍ መኪናውን ሲሸጥ የጀርመን ሕግ ክንፉን ለመንገድ ስላልፈቀደ ፋብሪካው ራሱ ክንፉን የዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጦ ነበር ለገዢው የሚያስረክበው፤ ገዢው እቤቱ እንዲገጥመው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ደላላ ገዢ ይዞ መጣ። አከራዬ ሊሸጧት አይደለም፤ "ዋጋዋን ለማወቅ ያህል" ይላሉ፣ በየዓመቱም ያውቃሉ። ገዢው ልምድ ያለው ሰው ነው። ጎንበስ ቀና እያለ ዞራት፤ ምንጣፉን ገለጠ፤ የበር ማጠፊያ ሥር ጣቱን ሰዶ ቀለም ፈለገ።

"ታክሲ ነበረች እንዴ ጋሼ?"

"ኸረ በፍጹም!" አሉ አከራዬ። "የዶክተር ሚስት ነች የያዘቻት።"

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ፤ የዚህ ወር ኪራይ ገና አልከፈልሁም።

ገዢው ከኋላ ደረሰ። "ይሄስ? ስፖይለሩ የፋብሪካ ነው ወይስ እዚህ የተሠራ?"

ልጁ በኩራት አፉን ሊከፍት ሲል አባትየው ቀደሙት። "አብሯት ነው የመጣው። ከጃፓን።"

ገዢው በጣቱ አንኳኳው። እንደገና አንኳኳው። ቀለሙ የሙቀጫው ማረፊያ በሆነው በኩል ተልጦ ነበርና ዓይኑን አስጠግቶ አየው፤ በጥፍሩ ጫር አደረገው፤ አሸተተው።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዋንዛ ነው።"

"አዎ" አሉ አከራዬ። "የጃፓን ዋንዛ ነው።"

ከኩሽና የእናትየው ድምፅ መጣ፦ "ልትሸጧት ከሆነ መጀመሪያ ራስጌዬን ንቀሉልኝ!"